«ሞተሯ የፌራሪ ነው» የተባለችው ፊያት ስፓይደር፦ ልግዛት ወይስ ልተዋት?

ጥያቄ፦ «አዳማ ነው የምኖረው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤተሰብ የሟች አባታቸውን ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ሊሸጡ ነው። ቀይ ናት፣ ጣሪያዋ ይከፈታል። ሊብሬው በሟቹ ስም ነው፣ 1968 ሞዴል ይላል። ኮፋኖዋ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ጉብታ አላት፣ የፊት ፍርግርጓ ወንፊት ይመስላል። ለብዙ ዓመት ቆማ ነው የኖረችው። ደላላው ‹ባትሪ ብቻ ነው የምትፈልገው› ይላል። የተጠየቀው 4 ሚሊዮን ብር ነው። ሞተሯ የፌራሪ ነው፣ በዓለም ላይ ብርቅ ናት፣ የአውሮፓ ሰብሳቢዎች እጥፍ ከፍለው ይወስዷታል ብሎኛል። ሽያጩ በውክልና ነው። ልግዛ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አጭሩን ልንገርህ። በዚህ ወሬ፣ በዚህ ወረቀትና በዚህ ዋጋ አትግዛ። ግን ጥለሃትም አትሂድ። መኪናዋ መታየት ያለባት መኪና ናት። ለጊዜው አንድ ብር ቀብድ እንዳታስይዝ። ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ነገ ትወሰዳለች» ቢልህም ሻይህን ጠጣ። ዓመታት የቆመች መኪና በአንድ ሌሊት አትሸጥም።

ከደላላው ወሬ ልጀምር፣ ምክንያቱም ጥሬ ውሸት አይደለም። እውነት ነካ አድርጎት ያለፈ ወሬ ነው፣ እንዲህ ያለው ደግሞ ከውሸቱ የባሰ ኪስ ያራቁታል። የዚህችን መኪና ሞተር የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የሚባል ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ ፊያት ከመሄዱ በፊት ፌራሪ ቤት ትልልቆቹን ባለ 12 ሲሊንደር ሞተሮች ይሠራ የነበረ ነው። ስለዚህ ደላላው «የፌራሪ ሰው ፊያት ቤት ሆኖ የነደፈው ሞተር» ቢልህ ኖሮ እጁን ጨብጬ እመሰክርለት ነበር። «የፌራሪ ሞተር» ሲል ግን ሌላ መኪና እየሸጠልህ ነው።

የፌራሪ ሞተር ያላት ፊያት አለች። ስሟ ፊያት ዲኖ ነው። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር ቪ ነው፣ መጀመሪያ 2 ሊትር፣ በኋላ 2.4 ሊትር ሆኗል። ክፍት ጣሪያ ሆና የተሠራችው ዲኖ በጠቅላላው 1,600 እንኳ አልሞላችም። እሷ ብትሆን ጨዋታው ሌላ ነበር። አንተ ግን ኮፋኖውን ክፈትና ካንዴላ ቁጠር። አራት ከሆኑ ነገሩ እዚያው አለቀ፣ 124 ናት። እኔም ከነገርከኝ ሁሉ እንደዚያ ነው የምገምተው።

ብርቅ ናት ወይ? አዳማ ውስጥ፣ አዎ። አሁን ከፖስታ ቤት ተነስተህ ፍራንኮ ድረስ በእግርህ ብትሄድ ባጃጅና ኮሮላ እንጂ ስፓይደር አታይም። በዓለም ግን አይደለችም። ፊያት መኪናዋን ቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ ያወጣት በኅዳር 1966 እ.ኤ.አ. ነው። በተለያየ ስምና ሞተር እስከ 1985 ተሠርታለች። ጠቅላላ ምርቷ 200,000 ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፣ ከዚያ ውስጥ 170,000 ገደማው አሜሪካ ገብቷል። ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ይህን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል። አዳማ ውስጥ አንድ ብቻ ናት ብለህ ብታስደንቀው አይደነቅም፣ እሱ ኢንተርኔት ከፍቶ የፈለጋትን መርጦ ይገዛል።

ይሄ መጥፎ ዜና ብቻ አይደለም። ብዙ ስለተሠራች፣ ብዙውም አሜሪካ ስለገባ፣ መለዋወጫዋ ዛሬም አዲስ ይመረታል። ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ዕቃ፣ የጣሪያ ሸራ፣ ላሜራ ሳይቀር ይገኛል። እውነተኛ ብርቅ መኪና የገዛ ሰው አንዲት የበር መዝጊያ ፍለጋ ዓመት ይንከራተታል። አንተ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ሻንጣው ውስጥ አስጭነህ ትገላገላለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥያቄህን ሳነብ ያስቆመኝ ዋጋው አይደለም፣ ኮፋኖው ነው።

መጀመሪያ የወጣችው ስፓይደር፣ ኤኤስ (AS) የምትባለው፣ ከ1966 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት። ሞተሯ 1438 ሲሲ፣ ጉልበቷ 90 ፈረስ። ኮፋኖዋ ልሙጥ ነው። ፊቷ ላይ አግድም የተደረደሩ ቀጫጭን የኒኬል ዘንጎች አሏት። በ1969 መጨረሻ ቢኤስ (BS) የምትባለዋ 1608 ሲሲ ሞተር ይዛ መጣች፣ 110 ፈረስ፣ ሁለት ዌበር ካርቡራቶር። የፒስተኑ ጉዞ ስለረዘመ ሞተሩ ቁመት ጨመረ፣ ኮፋኖውም እንዳይነካው ሁለት ጉብታ ወጣለት። የፊቱ ፍርግርግም ያኔ ነው ወደ ወንፊት የተቀየረው።

እንግዲህ አንተ የምታየው ፊት የ1969 መጨረሻ ወይም ከዚያ በኋላ የሆነች መኪና ፊት ነው። ሊብሬው የሚለው ደግሞ 1968። ሁለቱ አይገጥሙም።

«ምናልባት 1968 ዓ.ም. ቢሆንስ?» ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቀን መቁጠሪያችን ብዙ ሻጭ አድኗል። 1968 ዓ.ም. በፈረንጅ 1975ን ይዞ 1976 ይገባል። በዚያ ጊዜ ግን ፊያት ስፓይደርን ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ነበር የሚሠራት። የአሜሪካዋን ደግሞ አይተህ አትስታትም፣ ፊትና ኋላዋ ላይ ወፍራም ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) ተለጥፎባታል። የምታያት መኪና ቀጭን ኒኬል ፓራውልት ካላት 1968 ዓ.ም. የሚለው መውጫ ተዘጋ ማለት ነው። ሊብሬ ላይ የሞዴል ዓመት በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው።

ስለዚህ የሚቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቀላሉ፣ ጸሐፊው ዓመቱን ተሳስቷል። ይሄ ያጋጥማል። ሁለተኛው፣ መኪናዋ የ1968 ናት፣ ግን በአንድ ወቅት ተጋጭታ ከሌላ መኪና ኮፋኖና ፊት ተገጥሞላታል። ይሄም ያጋጥማል፣ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ መኪናዋን አይገድላትም። ሦስተኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳው። ሊብሬው የሌላ መኪና ነው።

ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ላሜራው ላይ ተመትቷል፣ ከሱ ሌላ የፋብሪካ ሳህን አለ። ቁጥሩ ፊት ያሉትን ፊደሎች አንብብ። 124ኤኤስ ካለ የመጀመሪያዋ ዓይነት ስፓይደር ናት። 124ቢኤስ ካለ የሁለተኛዋ። 124ኤሲ (AC) ካለ ጣሪያው የማይከፈት ባለ ሁለት በር ኩፔ ነው፣ ስፓይደር አይደለም። 124ኤ ብቻ ብሎ ከቀጠለ ደግሞ ባለ አራት በር ተራ ሴዳን ነው። የሴዳን ቁጥር የስፓይደር ላሜራ ላይ ካየህ አንድ ቃል ሳትናገር «አስቤ እደውላለሁ» ብለህ ውጣ። አንዱ መኪና ሞቷል ወይ ጠፍቷል፣ ወረቀቱ ብቻ ነው በሕይወት ያለው።

ፊደሉን ማንበብ ብቻ አይበቃም። ቁጥሩ የተመታበትን ላሜራ እይ። በዙሪያው የብየዳ መስመር አለ? ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ወፍሯል? ፊደሎቹ እኩል ናቸው ወይስ አንዱ ጠልቆ ሌላው ተንሳፍፏል? ሳህኑ የተያዘበትን ሪቬትም ተመልከት። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሪቬት አይብለጨለጭም። አንድ ጊዜ ጋራዥ የመጣች አሮጌ ጣሊያን መኪና ነበረች። ባለቤቱ ቁጥሩን በልቡ ያውቀዋል፣ ሊብሬው ላይም ያው ቁጥር ነው። ሳህኑ ግን ሱፐር ማርኬት በሚሸጥ ዓይነት አዲስ የአሉሚኒየም ሪቬት ተይዟል፣ ከሥሩ ሌሎች ሁለት ቀዳዳዎች በስቱኮ ተደፍነዋል። ሰውየው ራሱ ተታልሎ የገዛት ነበር። የሚያሳዝነው ያንን ሳህን ያነሳና ያየ ሰው ሲገዛት አልነበረም።

ሞተር ቁጥሩ ብሎኩ ላይ ነው፣ ዘይት ማጣሪያው አካባቢ። በ1438ቱ ላይ 124ኤሲ ብሎ ይጀምራል፣ በ1608ቱ ላይ 125ቢሲ (BC)። 124ኤኤስ ሻንሲ ከ124ኤሲ ሞተር፣ ወይም 124ቢኤስ ሻንሲ ከ125ቢሲ ሞተር ጋር ከተገናኙ ደስ ይበልህ። 125ኤ ካነበብክ ሞተሩ ከፊያት 125 ሴዳን የመጣ ነው። እሱም የላምፕሬዲ ሞተር ነው፣ ያው 1608 ሲሲ፣ በደንብ ይነዳል። ሰብሳቢ ግን «ሞተሯ የራሷ አይደለም» ብሎ ዋጋ ይሰብራል።

ደላላው ትንሽ ቆይቶ «አባርት ናት» ማለቱም አይቀርም፣ ራሊ ተወዳድራለች ይልሃል። አባርት የፊያት የውድድር መኪና ክፍል ነው፣ አባርት 124 ራሊ የሚባል አለ። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1,000 ገደማ ብቻ ተሠርቷል፣ ሞተሩ 1756 ሲሲ ነው። ፊያት 124 ስፓይደር የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና በ1972 እና በ1975 ወስዳለች፣ ይሄ እውነት ነው። ግን የአባርቱ በር አሉሚኒየም ነው፣ ኮፋኖው ፋይበር ነው። ኪስህ ውስጥ ባለች ትንሽ ማግኔት ይለያል። በሩ ላይ ከተጣበቀች አባርት አይደለችም። ወሬው እዚያው ይቁም።

ወረቀቱ ላይ እንምጣ። ሊብሬው በሟች አባታቸው ስም ነው፣ ሽያጩ በውክልና ነው ብለሃል። ውክልናውን ማን ነው የሰጠው? አባትየው በሕይወት እያሉ ለአንዱ ልጅ ሰጥተውት ከሆነ፣ ሰውየው ሲሞቱ ውክልናው አብሮ ሞቷል። በሱ ተፈራርመህ ብር ብትከፍል በማግስቱ ሌላው ልጅ መጥቶ «እኔ አልሸጥኩም» ሊልህ ይችላል፣ ፍርድ ቤትም ይሰማዋል። የሚያስፈልግህ ከፍርድ ቤት የወጣ የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። እዚያ ላይ ስማቸው የሰፈረው ወራሾች በሙሉ ይፈርሙ፣ ወይም እያንዳንዳቸው አዲስ ውክልና ይስጡ። የሟች ባለቤት በሕይወት ካሉ የሳቸውም ፊርማ የግድ ነው፣ ግማሹ ንብረት የሳቸው ሊሆን ይችላል። ውጭ ሀገር ያለ ወራሽ ካለ በኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ይላክ። «እሱ ምንም አይልም፣ ወንድማችን ነው» የሚለውን አትቀበል። ወንድምነት ብር ሲያይ ይቀየራል።

ሌላው ቀረጥ ነው። በዚያ ዘመን የገቡ ብዙ ጥሩ መኪናዎች ከኤምባሲ ሠራተኛ ወይም ከውጭ ድርጅት ሰው እጅ የወጡ ናቸው፣ ያኔ ከቀረጥ ነጻ ገብተው ማለት ነው። ቀረጡ በኋላ ተከፍሎ ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል። ካልተከፈለ ስም አይዛወርልህም። ሊብሬው ታድሶ ታድሶ የመጣ ከሆነም ፋይሉን መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ አስወጣና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረህ እይ። እግድ ካለም እዚያው ይታያል። ይህን ሁሉ የምታደርገው መኪናዋን ጋራዥ ከማስገባትህ በፊት ነው፣ በኋላ አይደለም። ወረቀቱ ካልሆነ ለላሜራው የምታወጣው ሁሉ ለሌላ ሰው ነው የሚሆነው።

እሺ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው እንበል። አሁን ልብስህን ቀይርና ከሥሯ ግባ።

ይህች መኪና እንደ ጭነት መኪና ለብቻው ሻንሲ የላትም። ላሜራው ራሱ ነው አጥንቷ። ስለዚህ ዝገት ስታይ መልክ ተበላሸ ብለህ ብቻ አትለፈው፣ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዘው ነገር እየተበላ ነው። የአዳማ አየር ደረቅ ስለሆነ አንድ ዕድል አለን። እዚህ ሃያ ዓመት ጥላ ሥር የቆመች መኪና አሰብ ወይም ምጽዋ ሁለት ዓመት ከቆመችው ትሻላለች። ግን መኪናዋ ከአዳማ በፊት የት ነበረች? ሊብሬው ላይ የድሮ ታርጋዎች ታሪክ ካለ አንብበው። ባሕር ዳርቻ የኖረች ከሆነች ጨው ከውስጥ በልቷት ይሆናል፣ ከላይ ቀይ ቀለም ተቀብታ ታምራለች።

መጀመሪያ የምታየው ቦታ ኮፋኖውን ከፍተህ ግራና ቀኝ፣ የፊት ሾክ አብዞርበሮቹ ከላይ የሚታሰሩበት ጉልላት ነው። የ124 ስፓይደር ትልቁ ሕመም እዚያ ነው። ውሃና አቧራ ከሥር ይከማችበታል፣ ከታች ወደ ላይ ነው የሚበላው። እጅህን ከጎማው በላይ አስገብተህ ከሥር ዳሰው። ከዚያ ወፍራም ካቻቢቴ ይዘህ ባለቤቱን አስፈቅደህ ጫን በል። ጤነኛ ላሜራ ድም ይላል፣ ካቻቢቴውን ይመልሰዋል። የታመመው ይሰነጠቃል፣ ቡናማ ቅርፊት ይረግፋል። ሁለት ድርብ ላሜራ በነጠብጣብ ብየዳ የተያያዘበት ቦታ አብጦ ከተላቀቀ መኪናዋ ብዙ ሥራ ይጠብቃታል። ከዚያ ወረድ ብለህ ሞተሩ ሥር ያለውን መስቀለኛ ተሸካሚ ብረት እይ፣ ፊተኛው ክንድ የሚታሰርበት አካባቢ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ጸጉር ያህል ቀጭን ነው፣ ግራሶውን በጋዝ አጥበህ በባትሪ መብራት ካላየኸው ያመልጥሃል።

ቀጥሎ ከበሩ ሥር በመኪናዋ ርዝመት የሚሄደው ሣጥን፣ ከዚያ ወለሉ። ምንጣፉን ግለጥ። ጣሪያዋ ሸራ ስለሆነ፣ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ሸራም ጎማም ስለማይምር፣ ተሰንጥቆ የክረምት ዝናብ ገብቶ ምንጣፉ ሥር ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ማግኔቷን በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ በሩና ፓራፋንጎው ላይ አንሸራትታት። ቦታ ቦታ ላይ የማትይዝ ከሆነ ሥሩ ስቱኮ ነው። ጥቂት ስቱኮ ነውር የለውም፣ ሃምሳ ዓመት የነዳ ሰው አንድ ቀን ግንብ ይነካል። አንድ ሙሉ ፓራፋንጎ ስቱኮ ከሆነ ግን የምትገዛው ሐውልት ነው።

እዚህ ከተማ ጥሩ ባትላሜራ አለ፣ የድሮ ሰዎች አሉ፣ ላሜራ በመዶሻና በአሸዋ ከረጢት ቅርጽ የሚያስይዙ። ግን ሥራው ረጅም ነው፣ የሚከፈለውም በዚያው ልክ ነው። ለጥገና ቢያንስ የመግዣዋን ያህል ሌላ ብር ካላዘጋጀህ አትጀምረው። ተገንጥለው ሳይገጠሙ የቀሩ መኪናዎች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል።

አሁን «ባትሪ ብቻ ነው የምትፈልገው» የተባለው። እባክህ፣ ማንም ባትሪ አምጥቶ ሊያስነሳት ሲል እጁን ያዝ። ገፍቶ ማስነሳትም አይታሰብም። የላምፕሬዲ ሞተር ከላይ ሁለት ካምሻፍት (ባልቮላ የሚከፍቱ ዘንጎች) አለው፣ የሚያሽከረክራቸው የጎማ የጥርስ ቺንጋ ነው። ያ ቺንጋ በኪሎሜትር ብቻ አያረጅም፣ ቆሞም ያረጃል። ዓመታት በአንድ ቦታ ታጥፎ ደርቋል። አስነስተኸው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ባልቮላዎቹ ይጣመማሉ፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ማውረድ ይመጣል። ደላላው በዚያን ሰዓት ስልኩን አያነሳም።

ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው። ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጣ። በየቀዳዳው ጥቂት ንጹሕ ዘይት ጨምርና አንድ ሁለት ቀን ተወው። አሮጌውን ዘይት ከኮፓው አፍስስ፣ ቀለሙን እይ። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ምናልባት ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተጣሟል። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት ነው፣ ሙቀት ሲበዛ ቶሎ ይጣመማል። የአዳማ ሙቀትና የስምጥ ሸለቆው ውሃ ደግሞ ለራዲያተር ወዳጅ አይደሉም፣ ድንጋይ ሠርቶ ይደፍነዋል። ከዚያ ቺንጋውንና መወጠሪያውን አዲስ አድርግ፣ ምልክቶቹን አስተካክል፣ ሞተሩን በእጅ በቁልፍ ሁለት ዙር አሽከርክር። ያለ ግትርነት ከዞረ ተስፋ አለ። ከነከሰ አታስገድደው። ታንከር ውስጥ ያለው ቤንዚን ሙጫ ሆኗል፣ አውጥተህ ድፋው፣ ካርቡራቶሩን ክፈት። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ነው «ባትሪ ብቻ» የማለት መብት ያለው።

ሻጩ ይህን ከመግዛትህ በፊት ካልፈቀደልህ፣ መብቱ ነው፣ መኪናው የሱ ነው። አንተ ግን ሞተሩን «የማይሠራ» ብለህ ነው ዋጋ የምትሰጠው። ሌላ መካከለኛ ነገር የለም።

ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ነው፣ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። መነዳት ከቻለች ሁለተኛ ማርሽ ላይ ጆሮህን ጣል። ከሦስት ወደ ሁለት ስትመልስ ከጮኸች ሲንክሮው (ማርሹን አለስልሶ የሚያስገባው ቀለበት) አልቋል፣ የታወቀ ችግሯ ነው። አራቱም ጎማ ላይ የዲስክ ፍሬን አለ። ብዙ ዓመት ስለቆመች የኋለኞቹ መነካከሳቸውን ከወዲሁ እወቀው። ጎማዎቹ ቢያምሩም ጎናቸው ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብብ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠሩበት ዓመት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኘህ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፣ እንኳን ፈጣን መንገድ ሶደሬ ድረስ እንዳትሄድበት። ወንበር፣ ሬዲዮ፣ የሰዓቱ መስታወት፣ እነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

አንድ ነገር ላክል፣ ምክንያቱም መካኒኮቻችን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። መኪናዋ ለአዲስ አበባ ተስተካክላ ከሆነ ጂግለሮቿ (ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚመጥኑት ቀዳዳዎች) ለዚያ ከፍታ የተመረጡ ናቸው። አዳማ ከዚያ 700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፣ አየሩ ይወፍራል፣ ያው ጂግለር እዚህ ቤንዚን ያንሰዋል። ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ሲጫን ያስነጥሳል። ሰው «ሞተሩ አልቋል» ብሎ ያወርደዋል፣ ችግሩ ግን የጂግለር ነው።

ስለ ላዳም ትጠይቀኛለህ፣ ሁሉም ይጠይቃል። አዎ፣ ላዳ የ124 ሴዳን ልጅ ናት። ሶቪየቶች ከፊያት ፈቃድ ወስደው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶሊያቲ ከተማ ሠርተዋታል። ግን «የላዳ ዕቃ ይገባላታል» የሚልህን በጥንቃቄ ስማው። ሞተሩ ሌላ ነው፣ ባለ አንድ ካምሻፍት። የላዳ የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው፣ የስፓይደሯ ዲስክ ነው። የላሜራውም ነገር አይገናኝም፣ ስፓይደሯ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ብቻ 14 ሴንቲሜትር ታጥራለች። ኮፋኖውን ከፍተህ የላዳ ወይም የቶዮታ ሞተር ካገኘህ መኪናዋ ትነዳ ይሆናል፣ እንደ ክላሲክ ግን ግማሽ ዋጋዋን ጥላለች።

ይህ ደግሞ ወደ አውሮፓ ሰብሳቢው ይወስደናል። ፊቫ የሚባለው የታሪካዊ መኪናዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር አንድን መኪና ታሪካዊ ለማለት ቢያንስ 30 ዓመት ዕድሜና በጊዜዋ በነበረችበት ሁኔታ መጠበቋን ይጠይቃል። የአውሮፓ ጉምሩክም የሰብሳቢ መኪና ብሎ ከቀረጥ ነጻ የሚያስገባው ሻንሲዋ፣ ሞተሯና ሌላው ዋና አካሏ ያልተቀየረውን፣ ማምረቷም የቆመውን ነው። ያኔ የተጨማሪ እሴት ታክሱም ይቀንሳል፣ ለምሳሌ ጀርመን 7 በመቶ ነው። ሞተሯ የተቀየረ፣ ሊብሬዋ ከፊቷ የማይገጥም መኪና ይህን በር አታልፍም። ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ያለው ወጪ ደግሞ ለጥሩዋም ለመጥፎዋም ያው ነው። በዚያ ላይ 124 ስፓይደር አውሮፓ ውስጥ የሚገዛት በብዛት ቆጥቦ የመጀመሪያ ክላሲኩን የሚፈልግ ሰው ነው። ያ ሰው ቤቱ አጠገብ እያለች አዳማ ድረስ አይመጣም።

ስለዚህ ስሌትህ ውስጥ አውሮፓን አታስገባ። የአንተ ገበያ እዚሁ ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ሁለተኛ ስፓይደር በዚህ በር አትገባም ማለት ነው። ሀገር ውስጥ ያሉት ያሉት ናቸው። አዲስ አበባም፣ እዚህም፣ ለሠርግና ለእሁድ ጉዞ የድሮ መኪና የሚፈልግ ሰው እየበዛ ነው። ዋጋዋን የሚሰጣት ይሄ ነው፣ የፌራሪ ተረት አይደለም።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማስበው። የሻንሲ ቁጥሩ፣ ሞተሩና ሊብሬው ከተስማሙ፣ የሾክ አብዞርበሩ ጉልላት ጤነኛ ከሆነ፣ ወራሾቹም ተሟልተው ከፈረሙ፣ ከ4 ሚሊዮኑ ላይ የቆመ ሞተር ጥገናን ቀንሼ እደራደራለሁ፣ የማላሳልፋት መኪና ትሆናለች። ላሜራዋ ጤነኛ ሆኖ ሞተሯ የሌላ ከሆነ ከግማሽ በላይ አልሰጥም። ኮፋኖዋ ብቻ ከተቀየረ ብዙም አልከፋም፣ ልሙጡ ኮፋኖ ይገኛል። ሊብሬው የሌላ መኪና ከሆነ ግን በነጻ ቢሰጡኝም አልወስዳትም።

ነገ ስትሄድ ደላላውን አትጥራ፣ ቤተሰቡን አነጋግር። ሽማግሌ ካለ እሳቸውን ጠይቅ፣ አባትየው ከማን እንደገዟት ያውቁ ይሆናል፣ የድሮ ፎቶም ሊኖራቸው ይችላል። መኪናዋ አዲስ ሳለች የተነሳች ፎቶ ካገኘህ ኮፋኖዋ ልሙጥ ነበር ወይስ ጉብታ ነበረው የሚለው ያኔውኑ ይፈታል። ከዚያ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በስልክህ አንስተህ ላክልኝ። መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን አድርገው፣ የተመታው ጥልቀት ይታያል። ግራሶ ካለበት በጋዝ የራሰ ጨርቅ ይዘህ ጥረገው፣ በሽቦ ብሩሽ እንዳትፍቀው።